ስለ ባሮ ረግረግ ምድርና ስለ ጋምቤላ ፓርክ አጠባበቅ

ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ጫካውንና ገደሉን ካለፈ በኋላ ምድሪቱ በድንገት ዝቅ ብላ እንደ ምንጣፍ ተዘርግታ ያገኛታል። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 500 ሜትር ያህል ነው። ከደጋው በገደል ሲወረወር የመጣው የባሮ ወንዝ ከዚህ በደረሰ ጊዜ ቁጣውን ትቶ ሰፊና ዝግተኛ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ኢታንግ፥ ወደ ላሬና ወደ ጂካዎ እየተንቀረፈፈ ይሄዳል።

የደጋ ሰው ይህን ሜዳ በበጋ ያየው እንደ ሆነ ደረቅ ሣርና የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ያያል፤ በክረምት ያየው እንደ ሆነ ደግሞ ዳርቻው የማይታይ ውኃ ያያል። ስለዚህ በሁለቱም ወራት ቢሆን የሚሰጠው ስም «ጠፍ መሬት» የሚል ነው። ይህም ስም ከሰው አፍ ወደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ገብቶ ባለቤትና ጥቅም የሌለው መሬት ማለት ሆነ። በጋምቤላ ረግረግ ላይ ከደረሰው ጉዳት አብዛኛው መነሻው ከዚህ አሳሳች ስም ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሰው ጠፍ ነው ብሎ ያመነበትን ነገር ሲያበላሽ አይጨነቅምና።

የነገሩ አካሄድ ግን እንዲህ ነው። በኢሉባቦር፥ በሸካና በወለጋ ደጋ ላይ ከግንቦት ጀምሮ የሚወርደው ዝናም በገባና በብርብር፥ በሌሎችም ወንዞች ተሰብስቦ ባሮ ይሆናል። አልዌሮ፥ ጊሎና አኮቦም ከዚያው ከደጋው ወገን ይነሣሉ። ቆላው ሜዳ እጅግ ልል ስለ ሆነ ይህ ሁሉ ውኃ በአንድ ጊዜ ሊያልፍ አይችልም፤ ከወንዙ አፍ እየወጣ በግራና በቀኝ ይተኛል። ከውኃውም ጋር ደለል ይወርዳል። ዓሣው ከዋናው ወንዝ ወጥቶ በተጥለቀለቀው ሣር መካከል ይራባል፤ ጫጩቱም ከትልቁ ዓሣና ከወራጁ ተጠልሎ ያድጋል። መስከረምና ጥቅምት ካለፉ በኋላ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ሲመለስ ዓሣው አብሮ ይመለሳል፤ ውኃው በለቀቀው ርጥብ መሬት ላይ ደግሞ ለጋ ሣር ይበቅላል። ይህ ሣር በበጋ እኩሌታ፥ ሌላው አገር ሁሉ በደረቀ ጊዜ፥ ለከብትም ለአውሬም መኖ ነው።

የአገሩ ሰዎችም ኑሯቸውን የሠሩት በዚሁ ልክ ነው። አኝዋኮች ውኃው ሲሸሽ በወንዙ ዳርቻ ርጥበት ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፤ ዝናም ሳይጠብቁም ያጭዳሉ፤ ዓሣ ማስገርም ከጥንት የተማሩት ሙያቸው ነው። ኑዌሮች በክረምት ከብታቸውን ይዘው ከፍ ወዳለው መንደር ይወጣሉ፤ በበጋም ወደ ወንዙ ዳር ወርደው በግጦሹ ይሰፍራሉ። ለእነዚህ ሰዎች ጎርፉ መቅሠፍት ብቻ አይደለም። መጥኖ የመጣ ጎርፍ ጎተራ ነው፤ መጥኖ ያልመጣ፥ ወይም ጨርሶ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜ ችግር ይሆናል።

በዚህ በኢትዮጵያ በኩል ባለው የነጭ ዓባይ ገባር ውኃ ውስጥ ከ100 የማያንሱ የዓሣ ዓይነቶች መኖራቸውን የዓሣ ሊቃውንት መርምረው ጽፈዋል፤ በኢትዮጵያ ተፋሰሶች ሁሉ ይህን ያህል ዓይነት ዓሣ የሚገኝበት ሌላ የለም። ባሮ ከፒቦር ጋር ከተገናኘ በኋላ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ይገባል። ነጭ ዓባይ ከታላላቆቹ ሐይቆች ይዞት የመጣውን ውኃ እኩሌታውን በሱድ ረግረግ ላይ በትነት ስለሚያጣው፥ ከማላካል በታች ከሚወርደው ውኃ ግማሽ ያህሉ ከሶባት የመጣ ነው። ስለ ዓባይ ሲነገር ጥቁር ዓባይ ብቻ እየታሰበ ባሮ የሚረሳ ቢሆንም፥ ለግብጽና ለሱዳን የሚደርሰው የኢትዮጵያ ውኃ በአንድ በር ብቻ የሚወጣ አይደለም።

ወንዙ ቀድሞ የንግድ መንገድም ነበረ። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ተፈቀደ። ጣቢያውም በጋምቤላ ቆመ። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ፥ ውኃው በሞላ ጊዜ፥ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይጭኑ፥ ጨውና ጨርቅም ያራግፉ ነበር። ውኃው ሲጎድል መርከቡ ይቀራል። እንግዲህ ከተማይቱ ራሷ የተወለደችው በጎርፉ ወራት ቆጠራ ነው ማለት ነው፤ ነጋዴውም የወንዙን ጠባይ ያውቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት እርሱ የሚያውቀውን ያህል አላወቁም።

በዚህ ሜዳ ከሚኖሩት አራዊት በቁጥር የሚበልጠው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ወንዱ እያደገ ሲሄድ መልኩ ይጠቁራል፤ ጆሮው ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ይህ እንስሳ በደቡብ ሱዳን ካለው ከቦማና ከባዲንጊሎ ሜዳ እየተነሣ፥ በጋው በበረታ ጊዜ ውኃና ለጋ ሣር ፍለጋ ወደ ጋምቤላ በኩል ይዘልቃል፤ ክረምቱ ገብቶ ውኃው ሲጠልቅም ወደ ደቡብ ይመለሳል። በደቡብ ሱዳን የነበረው የረጅም ዘመን ጦርነት ጨርሶ አጥፍቶታል ተብሎ ሲታሰብ፥ በ1999 ዓ.ም. ከአውሮፕላን በተደረገ ቆጠራ ወደ 800 ሺህ የሚገመት ቆርኬ ተገኘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የሰፋ ቆጠራ ተደርጎ ውጤቱ በ2016 ዓ.ም. ሲገለጥ፥ በቦማ፥ በባዲንጊሎና በጆንግሌ በኩል የሚዘዋወሩት የሜዳ አጋዘኖች 6 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውና ከእነዚህም 5 ሚሊዮኑ ነጭ ጆሮ ቆርኬ መሆናቸው ታወቀ። በምድር ላይ ከሚደረገው የአጥቢ እንስሳት ጉዞ ሁሉ ይህ ይበልጣል ተብሏል። ስለ ሴሬንጌቲ የማያውቅ የለም፤ በኢትዮጵያ ምዕራብ በር ላይ ስለሚያልፈው ስለዚህ ታላቅ ሠራዊት የሚያውቅ ግን በአዲስ አበባም ቢሆን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ናይል ሌችዌ የሚባለው ነው። ከደቡብ ሱዳንና ከጋምቤላ በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ በዱር አይገኝም። ሰኮናው ረጅምና የሚከፈት ስለ ሆነ ሌላው እንስሳ በሚሰምጥበት ጭቃ ላይ ይሮጣል፤ ከረግረጉ ወጥቶ በደረቅ መሬት ግን ሊኖር አይችልም። ሦስተኛው ወፍ ነው። ቁመቱ የልጅ ያህል፥ አፉ እንደ ትልቅ የእንጨት ጫማ የሰፋ፥ በውኃ ዳር ለብዙ ሰዓት ሳይነቃነቅ ቆሞ የሚጠብቅ እንግዳ ፍጥረት ነው። የሚጠብቀውም አብዛኛውን ጊዜ በሳንባ የሚተነፍሰውን ዓሣ ነው፤ ይህ ዓሣ በጋ ሲሆን በጭቃ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ዝናም እስኪመጣ ይተኛል። ወፉ በዓሣው፥ ዓሣው በጭቃው፥ ጭቃውም በጎርፉ ይኖራል፤ ከእነዚህ አንዱን ነጥሎ ማዳን አይቻልም።

እነዚህን ሦስቱን ለመጠበቅ ታስቦ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ተመሠረተ። ስፋቱም 5,061 ኪሎ ሜትር ካሬ እንዲሆን ተወሰነ። ዝሆን፥ ጎሽ፥ ቀጭኔና አንበሳም በውስጡ ነበሩበት። ዘመኑ ግን ክፉ ዘመን ሆነ፤ በዚያው ዓመት የመንግሥት ለውጥ መጣ። የአዋሽ ፓርክ በ1961፥ የስሜን ፓርክም በ1962 ዓ.ም. ወሰናቸው በነጋሪት ጋዜጣ ሲታወጅ፥ የጋምቤላ ፓርክ ወሰን ግን ከአርባ ዓመት በላይ በካርታ ላይ ብቻ ተሥሎ በሕግ ሳይታወጅ ቆየ። ይህ ነገር የጽሕፈት ጉድለት ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በሕግ ያልታወጀ ወሰን በዳኛ ፊት አይቆምም፤ ጥበቃው አንድ እንጨት ቆራጭን ይዞ ቢያቀርብ፥ ተከሳሹ «ይህ የፓርክ መሬት መሆኑን የሚናገር አዋጅ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ የለውም። ከሁሉ በፊት መታየት የነበረበት ጉዳይ ይህ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ሲገፋ ኖረ።

በደርግ ዘመን ከፓርኩ አጠገብ በአቦቦ በኩል የጥጥ እርሻ ለማጠጣት ተብሎ በአልዌሮ ወንዝ ላይ በሶቪዬት መሐንዲሶች ርዳታ ግድብ ተሠራ። አሳቡ 10 ሺህ ሔክታር ያህል ለማጠጣት ነበር። ግድቡ ቆመ፤ የታሰበው እርሻ ግን ለብዙ ዓመት አልተስፋፋም። የአልዌሮ ውኃ ከግድቡ በታች ወርዶ የፓርኩን ረግረግ የሚያርስ ስለ ሆነ፥ ግድቡ ሲሠራም ሆነ በኋላ መጠየቅ የነበረበት ቁም ነገር ለእርሻው ስንት ይበቃል የሚለው ብቻ ሳይሆን ለረግረጉ ስንት ይለቀቅለት የሚለውም ነበር። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በወንዞች ሥራ ሁሉ እየተዘነጋ የሚቀር ነው። በዚያው ዘመን፥ ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ፥ ከሰሜንና ከደቡብ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ በአቦቦና በአካባቢው እንዲሰፍር ተደረገ። ሰፋሪው ሞትን ሸሽቶ የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ዱሩ ተመነጠረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የመሬት ኪራይ ጉዳይ በሰፊው ሊነገር ይገባዋል፤ ትምህርቱ ብዙ ነውና። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በቆላው አገር ሰፊ እርሻ እንዲስፋፋ በማሰብ ለውጭና ለአገር ውስጥ ባለ ሀብቶች መሬት በብዛት ሰጠ። ጋምቤላም ከሁሉ ይበልጥ የተመረጠች ሆነች። ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. በተፈረመ ውል በባሮ ወንዝ አካባቢ 100 ሺህ ሔክታር ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ኪራዩም ለአንድ ሔክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ለአንድ ሔክታር ረግረግ በዓመት 20 ብር! ይህ ዋጋ «ጠፍ መሬት» የሚለው ስም በገንዘብ ሲመነዘር ማለት ነው።

ኩባንያው በሜዳው ላይ በብዙ መኪና አረሰ፤ ጎርፉንም ለመከልከል ረጅም የአፈር ክትር ሠራ። በ2004 ዓ.ም. መባቻ፥ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ ወንዙ ክትሩን አልፎ ገባ። በ12 ሺህ ሔክታር ላይ የነበረው በቆሎ በውኃ ተበላ። የኩባንያው ሹማምንት እንዲህ ያለ ጎርፍ ይመጣል ብለው አለመጠበቃቸውን ተናገሩ። የአገሩን ሽማግሌ አንድ ቀን አስቀምጦ የጠየቀ ሰው ግን ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ፥ በየስንት ዓመቱም እንደሚመለስ ሊማር በቻለ ነበር፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ውሉም በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የተሰጠው ምክንያት ኩባንያው ከተረከበው መሬት ያለማው እጅግ ጥቂት ነው የሚል ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ያስጠናው ጥናት ደግሞ በጋምቤላ ለባለ ሀብቶች ከተላለፈው ከ600 ሺህ በላይ ሔክታር ውስጥ በእርግጥ የለማው ከ80 ሺህ የማይበልጥ መሆኑን አሳየ።

እንግዲህ ምን ተረፈ ቢባል፥ የተመነጠረ ዱር፥ የተቆፈረ ቦይና ክትር፥ ያልተመለሰም የባንክ ብድር ነው። እህል ቢገኝበት ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር፤ ሕዝብ የሚመግብ እርሻን በአውሬ ምክንያት መንቀፍ ቀላል ነገር አይደለምና። እዚህ ላይ ግን ረግረጉም ተጎዳ፥ ጎተራውም አልሞላም። የአካባቢ ጉዳት አስቀድሞ እንዲመረመር የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 299 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመጽሐፍ ሳለ መሬቱ ከምርመራው ቀድሞ ተሰጠ። ከኪራዩ መሬትም በየአቅጣጫው ከፓርኩ ወሰን ጋር የተጋጨና በቆርኬው መንገድ ላይ የወደቀ ነበረበት። ወሰኑ ያልታወጀ ፓርክ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ሊሟገት አልቻለም። በኋላም ወሰኑ እንደ ገና ሲጠና የፓርኩ ስፋት ወደ 4,500 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ዝቅ አለ።

በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጫና መጣ። ስደተኛ በጋምቤላ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1983 ዓ.ም. በፊት በኢታንግ ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ስደተኛ ሰፍሮ ነበር። የአሁኑ ግን ከዚያም በረታ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ በተቆጠረ ጊዜ የክልሉ ነዋሪ 307,096 ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የገባው ስደተኛ ብቻ ከ300 ሺህ በለጠ። ድሀ አገር እኩያዋን በእንግድነት ተቀበለች ማለት ነው፤ ይህም ለኢትዮጵያ ክብር ነው።

ችግሩ የቦታ ምርጫው ነው። በላሬ በኩል ሊችዎር በተባለ ስፍራ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዲሰፍር ተደረገ። ቦታው በበጋ ሲታይ ሜዳና ደረቅ ነው፤ ለመኪናም ይመቻል። የ2006 ዓ.ም. ክረምት ሲመጣ ግን ባሮ እንደ ልማዱ ወጥቶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ድንኳኑ በውኃ ላይ ቆመ፤ መጸዳጃው ከመጠጡ ተቀላቀለ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከፍ ወዳለው መንገድ ዳር ሸሹ። በማግሥቱ ዓመት ስደተኞቹ ከጋምቤላ ከተማ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ጀዊ ተዛወሩ። ኩባንያው በበቆሎ የከፈለውን ዋጋ እነዚህ ምስኪኖች በሕይወታቸው ከፈሉት፤ የሁለቱም ስሕተት ግን አንድ ነው፤ የውኃን መኝታ በበጋ አይቶ የብስ ነው ማለት።

የስደተኛው ሰፈር ሲቆም እንጨት ለማገዶ፥ ሣር ለክዳን ያስፈልጋል። ብዙ መቶ ሺህ ሰው በየቀኑ ምግቡን በእንጨት ሲያበስል በሰፈሩ ዙሪያ ያለው ዱር በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሴቶቹም እንጨት ፍለጋ በየዓመቱ ይርቃሉ። ከዚህ የተነሣ ከአገሬው ጋር ጠብ ይሆናል። ስለ አራዊት ጥበቃ የሚናገር ሰው ስለ ምድጃ ካልተናገረ ነገሩ ጎዶሎ ነው፤ ለስደተኛው ሌላ ማገዶ ሳይሰጡ እንጨት አትቁረጥ ማለት ከሕግ ወገን ይሆን እንደ ሆነ እንጂ ከፍርድ ወገን አይደለም።

አደኑም እንዲሁ ነው። የአገሬው ሰው ከጥንት ጀምሮ ቆርኬ እያደነ ይበላ ነበር፤ በጦርና በወጥመድ የሚደረገው አደን ግን ይህን ያህል መንጋ የሚያሳንስ አልነበረም። ከጦርነቱ ጋር መትረየስና ጠመንጃ በየመንደሩ ሲበተን አደኑ ንግድ ሆነ። ቆርኬው በሚያልፍበት ወራት ሥጋው እየደረቀ ወደ ገበያ ይወጣል። በዲማ በኩል በአኮቦ ወንዝ ዳር የሚደረገው የወርቅ ቁፋሮም አፈሩን ወደ ውኃው ይለቅቃል፤ የወርቅ ማጣሪያ የሆነው ባዜቃም ወደ ወንዝ የገባ እንደ ሆነ በዓሣው በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። ከዚህም በቀር በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ጩኸት ያስነሣው እምቦጭ በባሮና በጊሎ፥ በፒቦርም ላይ ከታየ ዘመን አልፎታል።

የጥበቃው ሥራ ስንት ረድቷል ተብሎ ቢመረመር ፍርዱ የተደባለቀ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 575 በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የቆርኬውን ጉዞ ለማወቅ በአንገቱ ላይ በሳተላይት የሚከታተሉበት ማሠሪያ ታስሮለት መንገዱ ተጠንቷል፤ ከአውሮፕላንም ቆጠራ ተደርጓል፤ ከደቡብ ሱዳን ጋር በድንበሩ በሁለቱም ወገን አንድነት ያለው ጥበቃ እንዲደረግ ተመክሯል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የሚታወቀውና የሚጠበቀው እኩል አልሆነም። ወደ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚጠጋ ምድር፥ በክረምት መኪና የማይገባበት፥ በጥቂት ጥበቃ፥ ያለ ጀልባና ያለ በቂ ሬዲዮ ይጠበቃል ማለት ጥበቃውን ራሱን በፈተና ላይ መጣል ነው። ጠረፉም የጦር መሣሪያ የበዛበት ነው።

እዚህ ላይ በኢትዮጵያ ደጋ የነበረ አንድ ሥርዐት መታወስ ይገባዋል። በመንዝ የጓሳ ምድር ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዐት ይጠበቅ ነበር። የአስቦና የጌራ ዘሮች ነን የሚሉ ባለ ርስቶች አለቃ መርጠው፥ ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ምድሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲከፈትም ለቤት ክዳን የሚያጭደውም ከብት የሚያሰማራውም በአንድ ቀን ይገባል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ሥርዐት የጸና ድርሻ ነበራት፤ ካህናቱ የሚያከብሩትን ክልክል ሕዝቡ አያፈርሰውም ነበርና። ሥርዐቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ተሻረ፤ ጓሳውም በዚያን ጊዜ ተጎዳ። በኋላ ግን የአገሬው ሰዎች በሸንጎ ተሰብስበው የጥንቱን መልክ በአዲስ መልክ መለሱት፤ የክልሉም መንግሥት በሕግ አጸናላቸው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር የጓሳን ሥርዐት ወደ ጋምቤላ መገልበጥ አይደለም። ጋምቤላ የራሷ ሥርዐት አላት። ኑዌር በየትኛው ወር የትኛው ግጦሽ እንደሚገባ፥ አኝዋክም በየትኛው ኩሬ መቼ ዓሣ እንደሚያሰግር በሽማግሌዎቹ ፈቃድ ይወስናል። የመዠንግር ሰዎች ቀፎ የሰቀሉበትን ዛፍ አይቆርጡም፤ ደናቸውም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የተጠበቀ ስፍራ ሆኖ ተጻፈ። ይህን የመሰለውን የአገሩን ወግ የፓርኩ አስተዳደር ቢያስገባው ጥበቃው በመቶ ጠባቂ ሳይወሰን ብዙ ሺህ ዓይን ያገኛል። እስካሁን ግን ፓርክ ሲባል ለአገሬው የሚታሰበው «አትግባ» የሚለው ቃል ነው፤ ጥቅም ሲገኝበት አላየምና አይፈረድበትም።

የጎረቤትም ነገር ይታይ። የሱድን ረግረግ ቆርጦ ውኃውን በቶሎ ወደ ሰሜን ለማውረድ በ1970 ዓ.ም. የጆንግሌ ቦይ መቆፈር ተጀመረ። ርዝመቱ 360 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ታስቦ ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ከተቆፈረ በኋላ በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ። ትልቁ መቆፈሪያ መኪና በዚያው ሜዳ ላይ ዝጎ ቀረ፤ አራዊቱም በጥልቁ ቦይ ውስጥ እየገቡ መውጣት አቅቷቸው ያልቁ ነበር። በኋላ በ1998 ዓ.ም. ሱድ በራምሳር ውል መሠረት በዓለም ከሚጠበቁ ረግረጎች መካከል ተጻፈ። ይህ የራምሳር ውል በ1963 ዓ.ም. በፋርስ አገር የተደረገ ሲሆን፥ ረግረግን አጥሮ ከሰው መከልከልን ሳይሆን በልክ መጠቀምን የሚያዝዝ ነው።

ለባሮ ሜዳ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ወሰን ነው፤ ከአገሬው ጋር ተመክሮበት የተተከለ፥ በነጋሪት ጋዜጣም የታወጀ፥ የቆርኬውን መንገድ ያልዘጋ ወሰን። ቀጥሎ ውኃው ነው። በባሮ ላይ ለመብራት ኃይል የሚሆኑ ግድቦች ከተጠኑ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሚሠሩ ከሆነ ክረምት ክረምት ለሜዳው የሚለቀቀው የጎርፍ ልክ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል፤ ግድቡ ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አይደለምና። የደጋውም ደን ከዚህ የተለየ አይደለም። በገባ ወንዝ ላይ ያለው የያዩ ደን በ2002፥ የሸካም ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ መጻፋቸው ለቡናቸው ብቻ አይደለም፤ ለጋምቤላ ውኃን የሚመጥኑት እነዚህ ናቸው። ደጋው የተመነጠረ እንደ ሆነ ጎርፉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በበጋም ወንዙ ይጎድላል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ከዳር ወጥቶ ብዙ ሰው ከቤቱ ባፈናቀለ ጊዜ ነገሩን ሁሉ ለሰማይ የሰጡት ብዙዎች ነበሩ፤ ከተመነጠረው ደጋ የመጣውን ድርሻ የመረመሩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሐረርጌ ሄዶ የሐሮማያን ሐይቅ ያየ ሹም ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ያ ሐይቅ ለከተማ መጠጥና ለጫት መስኖ ያለ ልክ ሲቀዳ፥ ከተራራው የሚወርደውም አፈር ሲሞላው፥ በ1990ዎቹ ዓመታት ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በኋላ ዘመን ውኃው ተመልሶ ቢታይም ዓሣ አጥማጁና ባለ ጀልባው በደረቁት ዓመታት ተበትነው ነበር።

በጋምቤላ ገና እንዲህ አልሆነም። በጋው ሲበረታ ቆርኬው ዛሬም አኮቦን ተሻግሮ ይመጣል። ወደ ጆር በኩል ያሉ ሰዎች መምጣቱን የሚያውቁት በሌሊት ከሩቅ በሚሰማው የሰኮና ድምፅ ነው፤ በማግሥቱም ሜዳው እስከ ዓይን ዳርቻ ድረስ በመንጋው ተሸፍኖ ያድራል። መንጋው የሚያልፍበት መንገድ ግን አንድ ጊዜ በእርሻ፥ አንድ ጊዜ በሰፈር፥ አንድ ጊዜም በመንገድ ሥራ እየተቆረጠ በየጊዜው ጠብቧል፤ ክረምት ገብቶ ወደ ደቡብ በሚመለስበት ጊዜም በዚያው በጠበበው በር በኩል ማለፍ አለበት።